ከኖራው መስመር ወዲያ፦ ጎልፍ ስማር የያዝኩት ማስታወሻ

1ኛ ልምምድ

ዛሬ በመለማመጃ ሜዳ ላይ 7 ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ) ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎልፍ ኳስ መታሁ። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ትምህርቴ በስሜት ሳይሆን በማስረጃ እንዲመራ ስለፈለግሁ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ያደረግሁትን፣ ያየሁትንና ለቀጣዩ ጊዜ የወሰንኩትን እዚሁ አሰፍራለሁ። ቀኝ እጄን ስለምጠቀም የምጽፈው ሁሉ ኢላማው በግራዬ በኩል እንዳለ ታስቦ ነው፤ ግራኝ የሆነ አንባቢ አቅጣጫውን ገልብጦ ይረዳው።

ስዊንግ የሚባለውን እንቅስቃሴ ስንዘራ እያልኩ እጠራዋለሁ። ዱላ መሰንዘር የሚለው አነጋገራችን ዱላውን ወደ ኋላ ከማንሳት ጀምሮ ኳሱን አልፎ እስከሚያርፍበት ድረስ ያለውን ጉዞ በሙሉ ስለሚይዝልኝ ሌላ ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያዎቹን 30 ስንዘራዎች ውጤት በወረቀት መዘገብኩ። አራቱ ኳሱን ጨርሶ አልነኩትም። ዐሥራ ሦስቱ ከኳሱ በስተ ኋላ መሬቱን ስለቆፈሩ ኳሱ ጥቂት ተንፏቅቆ ቆመ። ዘጠኙ የኳሱን አናት ብቻ ስለመቱ በሣሩ ላይ እየተንከባለለ ሄደ። በትክክል ተነሥተው የበረሩት አራት ብቻ ናቸው። በጨዋታው ሕግ ኳሱን ለመምታት አስቦ የሰነዘረ ሰው ባይነካው እንኳ አንድ ምት ስለሚቆጠርበት፣ እኔም ያልነኩትን አራቱን ከቁጥሩ አላወጣኋቸውም።

ግራ የገባኝ አንዱ ነገር መሬት መቆፈርና አናት መምታት በአንድ ሰው እጅ እየተፈራረቁ መምጣታቸው ነው። አንዱ በጣም ዝቅ የማለት፣ ሌላው በጣም ከፍ የማለት ውጤት መስሎኝ ስቆፍር ቀና፣ አናቱን ስመታ ደግሞ ጎንበስ እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታረም ቆየሁ። የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም።

3ኛ ልምምድ

አሠልጣኝ አግኝቻለሁ። በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ዐሥር ያህል ኳስ እስክመታ ድረስ ምንም ሳይሉ ቆመው ተመለከቱኝና፣

«ልጄ፣ ኳሱን አንሳው ብሎ ያዘዘህ ማን ነው?» አሉኝ።

«ካላነሣሁት በምን ይበራል ብለው ነው?» አልኳቸው።

ዱላውን ከእጄ ተቀብለው ራሱን መሬት ላይ አሳረፉትና ፊቱ ወደ ኋላ ጋደል ማለቱን በጣታቸው አሳዩኝ። «ማንሣቱ የዚህ ሥራ ነው። ያንተ ሥራ ወደ መሬት ማውረድ ነው። ሁለታችሁም አንድ ሥራ ስትሻሙ ነው ኳሱ መሐል ላይ የሚቀረው» አሉኝ።

ይህ ጋደል ማለት ሎፍት ይባላል። እንደ አምራቹ ቢለያይም በ7 ቁጥር አይረን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ብዙ የማይርቅ ነው። ዱላው ኳሱን የሚነካው የአንድ ሰከንድ 2,000ኛ ክፍል ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ኳሱ በብረቱ ላይ ይጨፈለቅና በተጋደለው ፊት ምክንያት ወደ ላይ እየተነሣ፣ ወደ ኋላም እየተሽከረከረ ይለቀቃል። ይህ ሽክርክሪት በኳሱ ላይ ካሉት ትንንሽ ጎድጓዳ ነቁጦች ጋር ተባብሮ አየሩ ኳሱን ከሥር ደግፎ እንዲይዘው ያደርጋል። ኳሱን የሚያነሣው እንግዲህ ይህ ነው፤ እጄን ወደ ላይ መሳቤ በዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። በአይረን የሚጫወቱ ባለሙያዎች እንዲያውም ኳሱን የሚያገኙት ዱላው ገና ወደ ታች እየወረደ ሳለ ነው፤ በ7 ቁጥር ይህ ቁልቁለት 4 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

ቀጥሎ የገለጹልኝ ነገር የመጀመሪያውን ቀን እንቆቅልሽ ፈታልኝ። የዱላው ራስ የሚጓዘው በክብ ላይ ነው፤ ክብ ደግሞ አንድ ዝቅተኛ ነጥብ አለው። ኳሱን ለማንሣት ስል ሰውነቴ ወደ ቀኝ እግሬ ስለሚያዘነብል ያ ዝቅተኛ ነጥብ ከእኔ ጋር ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ማለትም ከኳሱ በስተ ኋላ ይወድቃል። ዱላው እዚያ መሬቱን ከነካ ቁፋሮ ይሆናል፤ መሬቱን ለጥቂት ከሳተው ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ጀምሮ ኳሱ ላይ ስለሚደርስ አናቱን ይመታል። ሁለቱ ስሕተቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጎንበስ ቀና ማለቴ ለምን እንዳልረዳኝ አሁን ግልጽ ነው፤ ችግሩ የከፍታ ሳይሆን የቦታ ነበር።

አሠልጣኙ ከዚህ በኋላ ኳሶቹን ሁሉ ወደ ቅርጫቱ መለሷቸው። ከሜዳው ጥግ ጥቂት ኖራ አምጥተው ከሁለቱ እግሮቼ መካከል ጀምሮ ከፊቴ የሚዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ቀጭን መስመር ሣሩ ላይ አሰመሩ። ያለ ኳስ እንድሰነዝርና ዱላው ሣሩን የቦጨቀበት ቦታ ከመስመሩ ላይ ጀምሮ ወደ ኢላማው፣ ማለትም ወደ ግራ እንዲሄድ አዘዙኝ። ከአንዱ ስንዘራ በኋላ ጥቂት ወደ ፊት እየተጠጋሁ ንጹሕ መስመር አገኛለሁ፤ በመጨረሻም መሬቱ የሠራሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፎ ያሳየኛል።

ከ20 ስንዘራ ዐሥራ ሰባቱ ከመስመሩ በስተ ቀኝ ጠባሳ ጣሉ። የሩቁ አንድ ስንዝር ሙሉ ይርቃል። ዝቅ ብዬ እያንዳንዱን ጠባሳ በጣቴ ለካሁት። ኳስ ሲኖር ዓይኔ የሚከተለው ኳሱን ስለሆነ አጋጣሚ ያማረ በረራ ስሕተቴን ይሸፍንልኛል፤ ሣሩ ግን ምንም አይሸፍንም። ከዛሬ ጀምሮ በማስታወሻዬ መጀመሪያ የሚመዘገበው የመስመሩ ውጤት ይሆናል፤ የኳሱ በረራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

5ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ስንዘራ ዘጠኙ በትክክለኛው ወገን።

ለውጡን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከመነሻው ክብደቴን ከግማሽ በላይ በግራ እግሬ ላይ አድርጌ፣ ዱላውን ሳነሣም ከዚያ ሳልነቃነቅ መሰንዘር ነው። ይህ ለልምምድ ብቻ የሚያገለግል ማጋነን እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ሰውነቴ ግን ግራው ላይ መጨረስ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ሁለተኛው የፍጻሜውን ቅርጽ መጠበቅ ነው፦ ስንዘራው ሲያልቅ የቀበቶዬ ዘለበት ወደ ኢላማው ይመለከታል፣ የቀኝ ተረከዜ ከመሬት ይነሣል፣ የቀኝ ጫማዬ ጫፍ ብቻ መሬቱን ይነካል። ሦስት ሰከንድ እንደዚያ ሆኜ መቆም ካልቻልኩ ክብደቴ በጊዜው አልተሻገረም ማለት ነው።

6ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥር።

ግራ እጄ ውኃ ቋጥሯል። የቋጠረበት ቦታ ነገር ስላለው በደንብ ልጻፈው። ከትንሿ ጣቴ በታች፣ በመዳፌ ወፍራም ሥጋ ላይ ነው። ጓንቱንም ስገለብጠው እዚያው ቦታ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ዐይተው እጀታውን በጣቶቼ ሳይሆን በመዳፌ እንደያዝኩት ነገሩኝ። በመዳፍ የተያዘ እጀታ በስንዘራው መካከል ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ቆዳውን ይፈገፍጋል፤ ሲንሸራተት ደግሞ እጅ በደመ ነፍስ አጥብቆ ይጨብጣል፤ የጠበቀ እጅ አንጓውን ያደርቀዋል።

ትክክለኛው አያያዝ እጀታውን ከትንሿ ጣት ሥር ጀምሮ እስከ ጠቋሚ ጣት መካከለኛ መገጣጠሚያ ድረስ በሰያፍ ማስተኛት፣ ከዚያም የመዳፉን ወፍራም ሥጋ ከላይ መክደን ነው። በዚህ አያያዝ ዱላውን በጠቋሚ ጣትና በመዳፉ ሥጋ ብቻ አየር ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። ሞከርኩት፤ በድሮው አያያዜ ወዲያው ወደቀ፣ በአዲሱ ግን ጸንቶ ቆየ።

ሁለቱ እጆች የሚገናኙበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። የቀኝ ትንሿ ጣት በግራዎቹ ጣቶች ላይ የምትደረብበት አያያዝ በሃሪ ቫርደን ስም ይጠራል፤ እኚህ ሰው የብሪታንያን ኦፕን ውድድር ከ1896 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ያሸነፉ ሲሆን ይህን ቁጥር የደረሰበት የለም። ሁለተኛው ትንሿን ጣት ከግራው ጠቋሚ ጣት ጋር መቆለፍ ነው፤ ጃክ ኒክላውስና ታይገር ዉድስ የያዙት እንዲህ ነው። ሦስተኛው ዐሥሩንም ጣቶች እጀታው ላይ መደርደር ነው። ጣቶቼ አጫጭር ስለሆኑ የተቆለፈውን መርጫለሁ። በታላላቆቹ ተጫዋቾች መካከል እንኳ ልዩነት ያለበትን ነገር እያነሡ ጀማሪን ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ በጣት መያዝና በመዳፍ መያዝ ግን የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

9ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ አራት።

ከዛሬ ጀምሮ ኳስ ተፈቅዶልኛል፤ መስመሩን ከኳሱ ፊት ለፊት ጠርዝ ጋር አስተካክዬ መታሁ። ኳስ ሲቀመጥ ከ20 ዐሥራ አራት የነበረው ወዲያው ወደ ስምንት ወረደ። ኳሱን ማየት ብቻ የማንሣት ፍላጎቴን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያለ ኳስ፣ አንድ ጊዜ በኳስ እየሰነዘርኩ እቀጥላለሁ።

13ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ አምስት፣ በኳስ።

ኳሱ አሁን በጥሩ ድምፅ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከተነሣ በኋላ ከኢላማው በስተ ግራ ይጀምርና እየታጠፈ በስተ ቀኝ ይወርዳል። ስላይስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚቸገርበት ነው። በግሌ የሞከርኩት መድኃኒት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ ወደ ግራ ማነጣጠር ነበር። ወደ ግራ ባነጣጠርኩ ቁጥር ግን እጥፋቱ ባሰ። ምክንያቱን ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ በወረቀት ላይ በመስመር እየሣልኩ ተረዳሁት።

ኳሱ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ኳሱን በሚነካባት ቅጽበት ፊቱ የሚመለከትበት ወገን ነው፤ በአይረን ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል፣ በድራይቨር (ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ትልቅ ዱላ) ከዚያም የበለጠውን። ኳሱ በበረራው የሚታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና የዱላው መንገድ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲያመሩ ነው። የእኔ ኳስ በስተ ግራ ከጀመረ ፊቱ ጥቂት ወደ ግራ ይመለከታል ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ደግሞ መንገዱ ከፊቱ የበለጠ ወደ ግራ ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ወደ ግራ ሳነጣጥር መንገዱን ይበልጥ ወደ ግራ እወስደዋለሁ፣ እጄ ግን ኳሱ እንዳይጠፋበት ሰግቶ ፊቱን ወደ ኢላማው ይይዘዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ እጥፋቱም ይሰፋል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ የቀኑን ጠባሳዎች ለማየት ወደ ሜዳው ተመለስኩ፤ ገና አልመሸም ነበር። እስከ ዛሬ ጠባሳው የት እንደሚጀምር ብቻ እንጂ ወዴት እንደሚያመለክት አስተውዬ አላውቅም ነበር። በአንዱ ጠባሳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ በትር አጋድሜ፣ ሌላውን በትር ወደ ኢላማው አነጣጥሬ አስቀመጥኩ። ሁለቱ በትሮች የተከፈተ መቀስ መሰሉ። አጠገቡ ያሉትን አምስት ጠባሳዎች ለካሁ፤ አምስቱም ወደ ግራ ይጠቁማሉ። መልሱ ለሁለት ሳምንት ከእግሬ ሥር ተጽፎ ኖሯል።

14ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ ሦስት።

መንገዱ ለምን ወደ ግራ እንደሚያጋድል ለአሠልጣኙ ጠየቅኋቸው። ዱላው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ወደ ታች ለመመለስ መጀመሪያ የሚነሣው ትከሻዬ መሆኑን ነገሩኝ። ቀኝ ትከሻ ቀድሞ ወደ ፊት ሲዞር እጆችን ከሰውነት ያርቃቸዋል፤ ዱላውም ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ክብደቱ ወደ ግራ እግር ይሻገራል፣ ዳሌ መዞር ይጀምራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። ጅራፍ ሲጮኽ እንደሚሆነው፣ ከሥሩ የተነሣው ፍጥነት ወደ ጫፉ እየተላለፈ ይበረታል።

ለዚህ የተሰጠኝ መሣሪያ አንድ ባዶ ካርቶን ነው። ከኳሱ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ከእኔ ራቅ ባለው ወገን፣ በዱላው ራስና በካርቶኑ መካከል የአንድ መዳፍ ስፋት ብቻ ትቼ አስቀመጥኩት። ትከሻዬ ከቀደመ ዱላው ካርቶኑን ይመታል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ምቶች ሰባት ጊዜ መታሁት፤ ካርቶኑም ጎኑ ተቀደደ። ከዚያ ዱላው ጫፍ ሲደርስ ለአፍታ ቆም ብዬ፣ ግራ ተረከዜን መሬቱ ውስጥ ልተክለው እንደፈለግሁ አድርጌ ከረገጥኩ በኋላ ብቻ እጄን መልቀቅ ጀመርኩ። በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሁለት ጊዜ ብቻ ነካሁት።

ፊቱንም ለማስተካከል አያያዜን እንደገና ተመለከትን። ግራ እጄ እጀታው ላይ በጣም ወደ ግራ ዞሮ ስለነበር ወደ ታች ስመለከት የምትታየኝ አንድ የጣት አንጓ ብቻ ነበረች። ሁለት ተኩል እስኪታዩኝ ድረስ ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ያለው ስንጥቅ አሁን ወደ ቀኝ ትከሻዬ ይጠቁማል። ለሁለት ቀናት ባዕድ ሆኖ እንደሚሰማኝ ተነግሮኛል። በእርግጥም ባዕድ ነው።

17ኛ ልምምድ

መስመር፦ አልተሠራም።

በግራ ጎኔ፣ ከብብቴ በታች ሕመም ተሰምቶኛል። ባለፈው ሳምንት በቀን እስከ 150 ኳስ መትቼአለሁ። የጎድን አጥንት ስንጥቅ ልምምድ በድንገት በሚያበዙ ጀማሪ ጎልፈኞች ላይ የታወቀ ጉዳት ስለሆነ ቸል አላልኩትም፤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የጡንቻ መሳብ እንጂ ስንጥቅ አለመሆኑ ተነገረኝና የዐሥር ቀን ዕረፍት ታዘዘልኝ። ከዚህ በኋላ ከ60 ኳስ አላልፍም፤ ከመጀመሬ በፊትም ወገብና ትከሻዬን አፍታታለሁ።

18ኛ ልምምድ፣ በቤት ውስጥ

ሐኪሙ የከለከለኝ መሰንዘርን እንጂ መግፋትን ስላልሆነ የዕረፍቱን ቀናት ኳሱን በመሬት ላይ ወደ ጉድጓዱ ለመግፋት ለሚያገለግለው ዱላ፣ ለፓተር ሰጠሁ። ይህን ክፍል እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ መቁጠሬ ስሕተት ነበር። የአንድ ሙሉ ሜዳ ፓር፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የሚታሰበው የምት ብዛት፣ ብዙውን ጊዜ 72 ሲሆን፣ ፓር ሲተመን ለእያንዳንዱ የ18ቱ ጉድጓዶች ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጥሮ የተከረከመ ሣር) ሁለት ሁለት የፓተር ምት ይታሰባል፤ 36 መሆኑ ነው፣ ማለትም ግማሹ።

የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር፣ የኳሱ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር የማያንስ ነው። ከሦስት ሜትር ርቀት የፓተሬ ፊት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ኳሱ ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ከመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይህም ጠርዙ ላይ ነው። አንድ ዲግሪ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ በዓይኔ ማመኔን ትቼ ሁለት ሳንቲሞችን ከኳሱ አንድ ክንድ ያህል ፊት፣ ኳሱ ከሁለቱም ወገን ከግማሽ ጣት ስፋት ያነሰ ብቻ እየተረፈው በሚያልፍበት ርቀት አኖርኩ። ኳሱ ሳንቲም ሳይነካ በመካከል ካለፈ ፊቱ ቀጥ ብሏል፤ ሌላ ዳኛ አያስፈልገኝም። በቀን 100 ጊዜ እገፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን 58 ጊዜ፣ በዐሥረኛው ቀን 83 ጊዜ አልፏል።

20ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ አንድ።

ከዕረፍት መልስ። ቁጥሩ ቢወርድም ሕመም የለኝም። ካርቶኑን አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁ።

22ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ አራት።

ስንዘራዬን በስልክ ካሜራ ከጎን ቀርጬ በሰከንድ 30 ምስል እየቆጠርኩ ተመለከትኩት። ዱላውን ከኳሱ አንሥቼ ጫፍ እስክደርስ 40 ምስል፣ ከጫፍ እስከ ኳሱ ደግሞ 8 ምስል ይፈጃል፤ አምስት ለአንድ ነው። በባለሙያዎቹ ዘንድ ይህ ንጽጽር ሦስት ለአንድ ገደማ ነው፤ ፈጣንም ሆነ ዝግተኛ ተጫዋች ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ቁጥር ከሌሎች ለማጅ ጓደኞቼ ስሰማው የነበረውን ምክር ጥያቄ ውስጥ አስገባብኝ። ሁሉም «ቀስ በል፣ ቀስ አድርገህ አንሣ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ታዘዝኩ። ነገር ግን ዱላው በጣም ቀስ ብሎ ሲነሣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምንም ግስጋሴ አይኖረውም፤ ያን ጊዜ ሰውነት የጠፋውን ፍጥነት በአንድ አፍታ ለመተካት ይቸኩላል፣ የሚቸኩለውም በቅርቡ ባገኘው በትከሻው ነው። ካርቶኑን የሚቀድደው ስሕተት ከፊሉ የሚወለደው ከዚህ ይመስለኛል።

የስልኩን ሜትሮኖም (በእኩል ጊዜ ድምፅ የሚያሰማውን ቆጣሪ) በደቂቃ 200 ላይ አድርጌ፣ በ«አንድ» ጀምሬ፣ በ«አራት» ጫፍ ላይ ደርሼ፣ በ«አምስት» ኳሱን መንካት ተለማመድኩ። ይህ ስሌት በ30 ምስል ሲተመን 27 ለ9 ይሆናል። ዱላውን ከለመድኩት ፈጥኜ ማንሣት መጀመሪያ የሚያስፈራ ነገር አለው፤ ከዐሥራ አምስት ምት በኋላ ግን ወደ ታች የሚመለሰው ዱላ ሳልገፋው በራሱ የሚወርድ መሰለኝ። የመጨረሻው ቀረጻ 28 ለ9 ሆኗል።

25ኛ ልምምድ

መስመር፦ ከ20 ዐሥራ ሰባት።

ድራይቨር ሞከርኩ። እዚህ ሕጉ ይገለበጣል፦ ኳሱ በቲ (መሬት ላይ በሚተከል ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ከፍ ብሎ ከግራ ተረከዝ ትይዩ ይቀመጣል፣ ዱላው ዝቅተኛ ነጥቡን አልፎ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ኳሱን እንዲያገኘው ይፈለጋል። ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ ሰውነቴን ለማስተማር የደከምኩበትን ነገር በአንድ ቀን መገልበጥ አልፈለግሁም። ሎፍቱም 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ የፊቱ መዛነፍ በአይረን ከሚያመጣው ይበልጥ ኳሱን ያጣምመዋል። አምስት ኳስ መትቼ ወደ ቦርሳው መለስኩት።

29ኛ ልምምድ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመለማመጃው ወጥቼ በእውነተኛ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫወትኩ። ሕጉ እስከ 14 ዱላ ቢፈቅድም አምስት ብቻ ያዝኩ፦ 7 ቁጥርና 9 ቁጥር አይረን፣ ሁለት ዌጅ (ፊታቸው ይበልጥ የተጋደለ፣ ለአጭር ርቀት የሚሆኑ ዱላዎች) እና ፓተር። በፓር 36 ሜዳ 61 ምት ወሰደብኝ። ለጀማሪ የሚሰጠው ከፍተኛው ሃንዲካፕ (በሙሉ ሜዳ ከፓር በላይ የሚታሰብለት ትርፍ ምት) 54 ነው፤ በግርድፉ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ትርፍ ምት ማለት ስለሆነ ለዘጠኙ 63 ይደርሳል። ከዚያ በታች መሆኔ ደስ አሰኝቶኛል።

ሁለት ኳስ ጠፋብኝ። ፍለጋው ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድ መሆኑን ባውቅም በጫካው ጥግ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ እንዴት አጭር እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዚያ አንድ የቅጣት ምት ጨምሮ ወደ መቱበት ቦታ መመለስ ነው። ሁለቱም የጠፉት በቀኝ በኩል ነው፤ ሁለቱንም የመታሁት ሌሎች ተጫዋቾች ከኋላዬ ቆመው ሲጠብቁ፣ ሜትሮኖሙን ረስቼ ነው።

ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ የሆነውን ግን በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ኳሱ ፌርዌይ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው የተከረከመ ሣር) መካከል ነበር፤ እስከ ግሪኑ 110 ሜትር ያህል ይቀራል። እዚህ ኖራ የለም። ስለዚህ ከኳሱ ፊት አንድ የደረቀች የሣር ቅጠል መርጬ መስመሬ እሷ ናት አልኩ፤ በልቤ እየቆጠርኩ ሰነዘርኩ። በእጄ ላይ ምንም ነገር አልተሰማኝም፤ ኳስ መሐል ብረት ላይ ሲያርፍ እንዲያ ነው ብለውኝ ነበር፤ አላመንኳቸውም ነበር። ቀና ስል ኳሱ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የት እንደወደቀ ከማየቴ በፊት ወደ መሬት ተመለከትኩ። የደረቀችው ቅጠል የለችም። ጠባሳው ኳሱ ከነበረበት አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዶ፣ የመዳፍ ርዝመት ያለው፣ ጥልቀቱ ከሳንቲም ውፍረት ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለቱ ጠርዞቹ ቀጥ ያሉ ሆኖ ወደ ባንዲራው ያመለክታል። የተቦጨቀውን ሣር ከፊት ለፊት አንሥቼ ወደ ቦታው መለስኩት፤ በእግሬም ተጫንኩት። ኳሱ ከግሪኑ ጥቂት አጥሮ ነበር።

30ኛ ልምምድ

የመጀመሪያውን ቀን ፈተና ዛሬ ሳልለውጥ ደገምኩት፦ ያው 7 ቁጥር፣ ያው 30 ስንዘራ። ያልነካሁት የለም። አምስቱ ቆፈሩ፣ ሦስቱ አናቱን መቱ፣ ሃያ ሁለቱ በትክክል ተነሡ። ከተነሡት ውስጥ ዐሥራ አራቱ ቀጥ ብለው ወይም በጥቂቱ ብቻ ታጥፈው ሄዱ፤ ስምንቱ አሁንም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።

ወረቀቱን እንደገና ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ። ከቆፈሩትና አናት ከመቱት ስምንት ስንዘራዎች ሰባቱ የመጡት ከ20ኛው ስንዘራ በኋላ ነው። እዚያ ያሉት ጠባሳዎች ሁሉ እንደገና ከመስመሩ በስተ ቀኝ ናቸው፤ ስደክም ክብደቴ ወደ ቀኝ እግሬ ይመለሳል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ 60ውን ኳስ በሃያ ሃያ ከፍዬ፣ በየመካከሉ ዐሥር ደቂቃ ፓተር ይዤ እቆያለሁ፤ ኖራውንም በየሃያው እንደገና አሰምራለሁ።